ፈትለወርቅ በውሃ የሚቀዘቅዝ ኮምፒውተር ያዘዘች ጊዜ

ፈትለወርቅ ዓለሙ ሲግናል ሰፈር ካለው የጌድዮን ሱቅ ስትደርስ ነጠላዋም ጫማዋም የመገናኛን አቧራ ጠጥቶ ነበር። ጊዜው የ2007 ጥር ነው። የባቡሩ ሥራ ገና አላለቀም፤ በዚያ በኩል የሚያልፍ ሰው ሁሉ አፍንጫውን በእጁ ይዞ ነው የሚሄደው። ሱቁ በአንድ ፎቶ ቤትና በአንድ ልብስ ሰፊ መካከል ተሸጉጧል። መስታወቱ ላይ «ኮምፒውተር በትዕዛዝ እንገጣጥማለን» የሚል ተለጥፎበታል።

ጌድዮን ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ለቪዲዮ አቀናባሪዎችና ለአርክቴክቶች ጉልበተኛ ማሽን በመገጣጠም ስሙ የተጠራ ልጅ ነው። ሴትየዋን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሣና ወንበር ሰጣት።

«ለልጅዎ ነው እናቴ? ለትምህርት ከሆነ ላፕቶፕ ይሻላል።»

«ለእኔ ነው» አለችና ከቦርሳዋ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «ሁለት ፕሮሰሰር፣ ስድሳ አራት ጊጋ ሚሞሪ። አራት ቀን ሙሉ ሳያርፍ የሚያሰላ። ማቀዝቀዣው በውሃ ይሁን።»

ጌድዮን ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው። አንድም የተሳሳተ ነገር አላገኘበትም።

«ማን ጻፈልዎ?»

«እጄ።»

«እንግዲህ እውነቱን ልንገርዎት» አለ ወረቀቱን እያጠፈ። «በውሃ የሚቀዘቅዝ የሚያሠሩኝ ጌም የሚጫወቱ ልጆች ናቸው፤ መብራቱና ቱቦው ስለሚያምር። እርስዎን ማራገቢያ ያለው ይበቃዎታል። ውጭ አገር ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ሳይቀሩ በማራገቢያ ነው የሚሠሩት።»

«ውጭ አገር ያሉት ከባሕር ወለል ስንት ሜትር ከፍ ብለው ነው የሚሠሩት?»

ጌድዮን ወረቀቱን መልሶ ዘረጋው።

«እዚህ ሁለት ሺህ አራት መቶ ገደማ ላይ ነን» አለች። «የእኔ ቤት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ፣ የእንጦጦ ወገብ ላይ ነው፤ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ አርባ። ራሴ ለክቼዋለሁ። ጅቡቲ ላይ ካለው አየር ሩቡ እኛ ጋ የለም ብለህ ቁጠረው። ያቺ ማራገቢያህ ስስ አየር እያራገበች ምን ታቀዘቅዛለች?»

ልጁ ቀስ ብሎ ወደ ሱቁ ጥግ ዞረ። እዚያ ሦስት ማሽኖች ተደራርበው ተቀምጠዋል። ሦስቱም የተመለሱበት ናቸው። ቪዲዮ ሲያቀናብሩ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግለው እየጠፉ ደንበኞቹ አምጥተው ጥለውለታል። የፕሮሰሰሩን ሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ቀይሯል፣ ማራገቢያውን ቀይሯል፣ በመጨረሻም ዕቃውን የላከለትን ነጋዴ ረግሟል። አየሩን ግን አንድም ቀን ጠርጥሮ አያውቅም።

«ምን ሊያሰሉበት ነው?» አላት፤ ድምፁ ተለውጦ።

«ጎርፍ» አለችው።

ፈትለወርቅ የሃምሳ አራት ዓመት ሴት ነበረች። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንድፍ ክፍል ውስጥ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች፤ መጀመሪያ በቀለምና በማስመሪያ፣ ኋላም በኮምፒውተር። ዲግሪ የላትም። ግን አንድ ካርታ ፊቷ ሲዘረጋ ዳገቱን በጉልበቷ፣ ቁልቁለቱን በተረከዟ የምታውቀው ያህል ነበር። ተወልዳ ያደገችውም ዛሬም የምትኖረውም እዚያው ዳገት ላይ ነው። ከቤቷ ጓሮ የሚወርድ ወንዝ አለ፤ የሰፈሩ ሰው «ደረቁ» ይለዋል። ዘጠኝ ወር ድንጋይ ብቻ ነው። ሰዉ ልብስ ያሰጣበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በላይ ያለው ዳገት ዝናቡን ሲቀበል፣ ደረቁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሌላ ፍጥረት ይሆናል። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ሁለት ቤት ከነአጥራቸው ሲወስድ አይታለች። አንደኛው ቤት ውስጥ ሰው ነበር።

ባለፈው ኅዳር አንድ ንድፍ ጠረጴዛዋ ላይ ደረሰ። ደረቁ በአንድ ሜትር ቱቦ ውስጥ ገብቶ ከላይ አፈር ይሞላበታል፤ በተሞላው መሬት ላይ ለመቶ ሃያ ልጆች የሚሆን መዋዕለ ሕፃናት ይሠራል። እንድትስል የታዘዘችው እሷ ነበረች። ሳለችው። የከፍታውን መስመሮች አንድ በአንድ ስታሰምር ግን ሁሉም ተጣጥፈው የሚገናኙት የልጆቹ መጫወቻ ላይ መሆኑን አየች። ብዕሯን አስቀምጣ ወደ ክፍል ኃላፊዋ ገባች።

ኃላፊዋ ኢንጂነር ኃይሉ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣ የከፍታ መስመር ማንበብ ያስተማረችው ራሷ ናት፤ አሁን ግን እሷን ለማየት ጊዜ የሚያጣ ሰው ሆኗል።

«ወይዘሮ ፈትለወርቅ፣ ቱቦው ተሰልቷል» አላት፤ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ።

«የትኛው ዝናብ ተይዞ ነው የተሰላው?»

«እርስዎ ንድፍ ይሣሉ። ስሌቱን ለባለሙያ ይተዉት።»

«መስመሩን የማሰምረው እኔ ነኝ» አለችው። «ውሃው በየት በኩል እንደሚሄድ የማላውቅ መሰለዎት?»

ኃይሉ በሩን አሳያት።

ከዚያ እሑድ ጀምሮ ፈትለወርቅና ባሏ አባይነህ ከቅዳሴ መልስ ልብሳቸውን እየለወጡ ወደ ደረቁ መውረድ ጀመሩ። አባይነህ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ሆኖ ጡረታ የወጣ፣ ረጅምና ነገረኛ ሰው ነው። እሱ ቁጥር የተጻፈበትን ዘንግ ያቆማል፤ እሷ በመለኪያው መነጽር ታያለች፤ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። አርባ አንድ ቦታ ለኩ። የሰፈሩ ልጆች «መሬት ሊሸጡ ነው» እያሉ ይከተሏቸው ነበር። ከልኬቱ በኋላ በነፃ የሚገኝ የጎርፍ ማስያ ፕሮግራም አገኘች። ዳገቱን በሙሉ አንድ አንድ ሜትር በሆኑ ካሬዎች ይከፋፍለውና ውሃው ከካሬ ካሬ እንዴት እንደሚሄድ በየሰከንዱ ያሰላል። ችግሩ ካሬዎቹ ሚሊዮኖች መሆናቸው ነው። የቢሮዋ ኮምፒውተር ዐርብ ማታ ጀምሮ እሑድ ጠዋት ግሎ ጠፋ። ሁለተኛም ሞከረች፤ ጠፋ። ኃይሉ ይህን ሲሰማ ፕሮግራሙ ከማሽኑ ላይ እንዲነሣ አዘዘ።

በዚያው ሳምንት የእቁቧ ዕጣ ወጣላት። አባይነህ ገንዘቡ የቤቱን ክዳን ለመቀየር እንደሚውል ሰባት ወር ሙሉ ሲያስብ ከርሟል። ከሲግናል መልስ ያደረገችውን ስትነግረው ቀና ብሎ አያት።

«ኮምፒውተር» አለ።

«አዎ።»

«ውስጡ ውሃ ያለበት።»

«አዎ።»

«ከኤሌክትሪክ ጋር።»

«አዎ አልኩህ እኮ።»

«እንግዲያው ክዳኑም ያፈሳል፣ ኮምፒውተሩም ያፈሳል፤ ቤታችን በደንብ ይጠጣል» አለና ተነሥቶ ወጣ። ተመልሶ ሲመጣ ግን «አይሆንም» አላለም። ሃያ ስድስት ዓመት አብረው ሲኖሩ «አይሆንም» ያላት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ሆኗል።

ዕቃው ከዱባይ በየሰው ሻንጣ እየተቆራረሰ መጣ። በየካቲት ፕሮሰሰሮቹ ደረሱ። በመጋቢት መጀመሪያ ማዘርቦርዱ፣ ፓምፑና ጉልበት የሚያህለው ራዲያተር ደረሱ። ማቀዝቀዣ ፈሳሹ ግን ኤርፖርት ላይ ቀረ። ፈታሹ ሰማያዊውን ጠርሙስ ወደ ብርሃን አንሥቶ «ይሄ ምንድነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ተሸክማ የመጣችው ሴት «የኮምፒውተር ውሃ» ብላ መለሰች። ከዚያ በኋላ የሚሰማት አልተገኘም።

ጌድዮን ደወለ። «እትዬ፣ ሌላ ጠርሙስ እስኪመጣ ሁለት ወር ይፈጃል። በማራገቢያ ላድርገው?»

«ሚያዝያ መጨረሻ ላይ የነዋሪዎች ስብሰባ አለ፤ ከዚያ በኋላ ግንባታው ይጀመራል። ሁለት ወር የለኝም። በማራገቢያም አይሆንም።»

«እና ምን ላድርግ?»

«ውሃ ጠፋብህ?»

በማግሥቱ ራሷ ለላብራቶሪ ዕቃ ከሚያቀርብ ቤት ሁለት ጀሪካን የተጣራ ውሃ ገዝታ፣ አንዱን አባይነህ አንዱን እሷ ተሸክመው ሲግናል ደረሱ። ጌድዮን ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ ሲያያቸው ሳቅ አመለጠው፤ ቀጥሎ ግን ተሯሩጦ ወጥቶ ተቀበላቸው።

ማሽኑ ጠረጴዛው ላይ ጎኑ ተከፍቶ ቆሟል። ጌድዮን በየመጋጠሚያው ሥር ነጭ ሶፍት አንጥፏል፤ አንዲት ጠብታ እንኳ ብትወድቅ እንድትታይ ነው። ሌላው ክፍል ኤሌክትሪክ እንዳያገኝ ነቅሎ ፓምፑን ብቻ ያስነሣል፤ ውሃው አንድ ቀን ሙሉ ሲዞር ውሎ ያድርና ካላፈሰሰ ብቻ ማሽኑ ይበራል። ይህን እያስረዳ ውሃውን ሞላና ጣቱን ማብሪያው ላይ አሳረፈ። ከዚያ ቆም አለ።

«እኔ ሥራ ስጀምር እጸልያለሁ» አለ፤ እንደ ማፈር ብሎ። የጴንጤ ልጅ ነው፤ እነሱ ደግሞ ከቅዳሴ የሚውሉ ናቸው።

«ጸልይ» አለችው ፈትለወርቅ። «እኔ እስከዚያ መጋጠሚያዎቹ መጥበቃቸውን ልይ።»

ፓምፑ ተነሣ። ወዲያው የሚያንጓጓ፣ ጠጠር የሚያኝክ የሚመስል ድምፅ ሰጠ። ጌድዮን አጠፋው፤ መልሶ አስነሣው፤ ያው ነው። ፊቱ ዐመድ ለበሰ። «ፓምፑ ተበላሽቶ ነው የመጣው» አለ።

አባይነህ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ከበሩ አጠገብ እጁን አጣምሮ ቆሞ ነበር። ቀረብ አለ። ራዲያተሩን አየ፤ ቱቦውን በዓይኑ ተከተለ፤ ፓምፑ ላይ ሲደርስ ፊቱ በራ።

«ይሄማ ሞተር ነው!» አለ። «እኔ እኮ ሌላ ነገር መስሎኝ! የእንጦጦን ዳገት ሠላሳ ዓመት ያወጣኝ ይሄው አይደል እንዴ?»

«አባባ፣ ድምፁን ይሰሙታል? ፓምፑ—»

«ፓምፑ ምንም አልሆነም። አየር ይዟል። በል ያዝልኝ፤ ወደ እኔ አዘንብለው… ቀስ… አሁን ወደዚያ።»

ሁለቱ ማሽኑን እንደ ሕፃን እያዘነበሉ ሲያቃኑት በቱቦው ውስጥ አረፋ ተከታትሎ ወጣ። ድምፁ ቀነሰ፤ ጨርሶም ጠፋ። ውሃው መሄድ አለመሄዱ እንኳ የማያስታውቅ ሆነ። አባይነህ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ሚስቱን አያት። ከዚያን ቀን በኋላ ስለ ክዳኑ አንሥቶ አያውቅም፤ ማሽኑንም «ማሽናችን» ማለት ጀመረ።

በማግሥቱ ከአንዱ ሶፍት ላይ የምስር ፍሬ የምታህል እርጥበት ተገኘች። ጌድዮን ሊደብቃት ይችል ነበር፤ መጋጠሚያውን አጥብቆ ቢያስረክባት ማንም አያውቅም። ደውሎ ነገራት። የጎማውን ቀለበት ለውጦ፣ ሌላ አንድ ቀንና ሌሊት አዙሮ፣ ሶፍቱ ደርቆ ካደረ በኋላ ነው ያስረከባት።

ቤቷ ሲደርስ አራት ሰው ተሸክሞ አወጣው። ጌድዮን መብራት በጠፋ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ባትሪ አገናኘለት፤ ማሽኑም በየግማሽ ሰዓቱ የደረሰበትን እንዲያስቀምጥ አደረገ። ፈትለወርቅ የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ስሌቱን ጀመረች። የመጀመሪያው ቀን በሰላም አለፈ። ሁለተኛውም። ሙቀቱ ስድሳ ላይ ቆሞ አልነቃነቅ አለ። በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋና ለአሥራ ዘጠኝ ሰዓት ሳይመጣ ቀረ። ሲመለስ ካቆመበት ቀጠለች። በአራተኛው ቀን እንደገና ጠፋ፤ በዚህኛው ግን የተቀመጠው ፋይል ተበላሽቶ ነበር። ሦስት ቀን ተኩል ውሃ በላው።

አባይነህ የምታለቅስ መስሎት ነበር። እሷ ግን ወንበሯን ሳበች።

«ከሀ» አለችና እንደገና ጀመረች። በዚህኛው ፋይሉን ሁለት ቦታ እንዲያስቀምጥ አደረገችው።

ውጤቱ የወጣው ሚያዝያ በገባ በሳምንቱ፣ ረፋድ ላይ ነው። በሠላሳ ዓመት አንዴ የሚጥለውን ዝናብ ይዛ፣ ቱቦው ግማሹ በቆሻሻና በቅጠል ተደፍኗል ብላ ነው ያሰላችው፤ በሰፈሩ ያልተደፈነ ቱቦ አይታ አታውቅምና። በስክሪኑ ላይ ደረቁ ከዳገቱ ወረደ፤ የቱቦው አፍ ላይ ቆመ፤ ከዚያ ዞሮ የልጆቹ ክፍል ውስጥ ገባ። አንድ ሜትር ከአሥር ሳንቲ ሜትር። ፈትለወርቅ ከወንበሯ ተነሥታ የሜትር መለኪያዋን ከወለሉ ላይ ዘረጋችና ግድግዳው ላይ አንድ ሜትር ከአሥር በእርሳስ ምልክት አደረገች። ደረቷ ላይ ነው የደረሰው። ልጆቹ ደግሞ አራትና አምስት ዓመት የሚሆናቸው ናቸው።

ስብሰባው በወረዳው አዳራሽ ሆነ። የመራው አቶ ጎበና የሚባል የወረዳው ሹም ነው፤ ኃይሉ ባለሙያ ሆኖ ከጎኑ ተቀምጧል። ፈትለወርቅ ሥዕሉን በፍላሽ ብቻ ይዛ መሄድ ትችል ነበር። «ከየት እንደቀዳችው ማን ያውቃል ይላሉ» ብላ ግን ማሽኑን ራሱን በአባይነህ ጓደኛ ፒክአፕ አስጭና መጣች። አዳራሹ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። በመስታወቱ ውስጥ ውሃ ሲዞር የሚያሳይ ሣጥን ከዚያ በፊት ያየ አልነበረም፤ ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ፀበል ነው?» ብለው ጠየቁ።

አቶ ጎበና ፕሮጀክተሩን ከለከላት። ተራዋም እንዳይደርስ ብዙ ደከመ። ሴቶቹ «ትናገር! ትናገር!» ማለት ሲጀምሩ ግን አምስት ደቂቃ ፈቀደላት። አራት አልጨረሰችም። የለካችውን፣ ያሰላችውን፣ የወጣውን ቁጥር ተናገረች፤ የሚፈልግ ሰው ቀርቦ ስክሪኑን እንዲያይ ጋበዘች። እናቶቹ ከየወንበራቸው ተነሥተው ከበቧት።

«ወይዘሮ ፈትለወርቅ» አለ ጎበና በማይክሮፎኑ፤ «ይህ ሕዝቡ ለዓመታት ሲጠይቅ የኖረው ልማት ነው። ልማትን በፎቶ ማደናቀፍ ምን እንደሚባል ያውቃሉ። ደግሞ ይህን የመሰለ ማሽን አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከየት አመጣች? ይንገሩን እስኪ፣ ከኋላዎ ያለው ማነው?»

በዚያ ዘመን ይህ ጥያቄ ምን እንደሚያስከትል የማያውቅ አልነበረም። አባይነህ እጇን ሊይዛት ዘረጋ፤ እሷ ግን ቆማ ነበር።

«ከኋላዬ እንጦጦ አለ» አለች። «ሐምሌ ላይ እሱ ሲመጣ ስብሰባ አይጠራም። ማሽኑን ያሠራሁት በእቁቤ ነው፤ ሠሪው ሲግናል ነው ያለው፤ ደረሰኙ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። መዋዕለ ሕፃናት አይሠራ አላልኩም። እዚያ አይሠራ ነው ያልኩት። ቁጥሬ ስሕተት ከሆነ እዚህ ኢንጂነር አሉ፤ ስሕተቱን ያሳዩኝ። አሁን፤ በሕዝቡ ፊት።»

ሁሉም ወደ ኃይሉ ዞረ። ኃይሉ ወረቀቱን አገላበጠ። «ጉዳዩ… በጥናት ይታያል» አለ። ስብሰባው በዚያው ተበተነ።

በሦስተኛው ቀን ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ኃይሉ ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ ቤቷ መጣ። መኪናውን ታች ትቶት ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችውም። ደጃፉ ላይ ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ዝናቡን አብዝተውታል» አለ።

«ይግቡ። የራስዎን ያስገቡ።»

ተቀመጠ። የቢሮውን ቁጥር ከኪሱ አውጥቶ አስገባ፤ አነስ ያለ ዝናብ፣ አንዳች ያልደፈነው ንጹሕ ቱቦ። በትልልቅ ካሬ ስለሆነ ማሽኑ አርባ ደቂቃ ብቻ ፈጀበት። በዚያ አርባ ደቂቃ ውስጥ ስለ ሥራ አንድም ቃል አልተነጋገሩም፤ አባይነህ ስለ ራዲያተር ያወራለት ነበር። ቁጥሩ ወጣ። በልጆቹ ክፍል ውስጥ ስድሳ ሁለት ሳንቲ ሜትር።

ኃይሉ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ። ከዚያ ሳይጠየቅ በራሱ እጅ ቱቦውን ግማሽ ደፍኖ መልሶ አስጀመረው። አንድ ሜትር ከአራት ሳንቲ ሜትር።

«እኔ ፈርሜበታለሁ» አለ፤ ለራሱ የሚናገር ይመስል ነበር። «ወይዘሮ ፈትለወርቅ፣ እኔ እኮ በዚህ ላይ ፈርሜያለሁ።»

ሌላ ሴት ብትሆን ታጽናናው ነበር። ገና ልጅ ሳለ እርሳስ ይዞ ከጎኗ የሚቆመው ኃይሉ ለአፍታ ታያት። ግን አላጽናናችውም።

«እንግዲያው ሌላ ፊርማ ይፈርሙ» አለችው።

ፈረመ። ከጎበና ጋር ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ግንቦት ላይ የወጣው አዲስ ንድፍ መዋዕለ ሕፃናቱን ወደ ላይኛው ሜዳ፣ ለወረዳው መኪና ማቆሚያ ተይዞ ወደነበረው ቦታ አዛወረው። ቱቦው ግን እንዳለ ቀረ፤ ክረምቱ ሳይገባም ተቀበረ። እሷ ያንንም ተቃውማ ሦስት ደብዳቤ ጽፋለች፤ መልስ አላገኘችም። ሽንፈትዋን አልካደችም፤ አራተኛውንም ጻፈች።

መሥሪያ ቤቷም በበኩሉ ዋጋውን አስከፈላት። ከንድፍ ክፍል አንሥተው መዝገብ ቤት አስገቧት፤ መስኮት በሌለው ክፍል የድሮ ፋይል እንድትቆጥር። ሁለት ሳምንት ቆጠረች። በሦስተኛው ሳምንት መልቀቂያዋን አስገብታ ወጣች።

በዚያ ክረምት ነሐሴ ስድስት ቀን ደረቁ መጣ። የቱቦው አፍ ተደፈነ፤ ውሃው መዋዕለ ሕፃናቱ ሊሠራበት ከነበረው ባዶ መሬት ላይ ወጣ። ዝናቡ ሲያባራ ፈትለወርቅ ዘንጓን ይዛ ወረደችና ውሃው ትቶት የሄደውን የጭቃ ምልክት ለካች። ሰባ አራት ሳንቲ ሜትር ነበር። ጎረቤቶቿ «አላልሽም?» እያሉ ሊያቅፏት ሲመጡ «አላልኩም» አለቻቸው። «እኔ ያልኩት አንድ ሜትር ከአሥር ነው። ዝናቡ ያነሰ ይሁን ስሌቴ የተሳሳተ ገና አላወቅሁም።» ቤት ገብታ የዚያን ቀን ዝናብ ፈልጋ አስገባች። ስሌቷ በዘጠኝ ሳንቲ ሜትር አብዝቶ ነበር። ደብተሯ ላይ ጻፈችው፤ ቅጂውንም ለኃይሉ ላከችለት።

በኅዳር ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ መጣ፤ ማኅተም ያለበት። «የመሥሪያ ቤቱን መረጃ ለማስላት ያገለገለው ልዩ ኮምፒውተር» ንብረት ክፍል ቀርቦ እንዲመዘገብ ይጠይቃል። አባይነህ ጮክ ብሎ አንብቦት ሲጨርስ ከሳቁ የተነሣ መነጽሩን አወለቀ። ፈትለወርቅ አልሳቀችም። ብዕር አንሥታ እዚያው መለሰች፦

«ልኬቱን የወሰድኩት በእሑድ ቀን፣ በገዛ እግሬ፣ ዘንጉን ባለቤቴ ይዞልኝ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ሁለት ጊዜ ግሎ ጠፍቶብኛል፤ እሱን እንድትመዘግቡት እጠይቃለሁ። ይህን የመሰለ ማሽን ካስፈለጋችሁ ሠሪው ሲግናል፣ ከፎቶ ቤቱ አጠገብ ይገኛል፤ ለሁሉም ይሠራል። ሙያው ያስፈለጋችሁ እንደሆነ ግን ቤቴን ታውቁታላችሁ፤ ዳገት ነው፤ ትወጣላችሁ።»

ጌድዮን ከመሥሪያ ቤቱ የሁለት ማሽን ትዕዛዝ ተቀበለ፤ ሁለቱም በውሃ። ሊያመሰግናት ሲመጣ ስክሪኑ ላይ ጎንበስ ብላ አገኛት። ከአያት በታች ካለ አዲስ ሠፈር ሦስት እናቶች ባለፈው ቅዳሜ መጥተው፣ ከቤታቸው ጀርባ ስለሚያልፍ ቦይ ነግረዋት ሄደዋል። ልኬቱን ገና አልወሰደችም፤ ለእሑድ ነው ያለቻቸው፤ ቦት ጫማ የሌላት እንዳትመጣ ብላ አስጠንቅቃቸዋለች።